ከአዲ አርቃይ ወደ ስሜን ተራሮች

ከተከዜ ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲ አርቃይ በደረሰ ጊዜ ዓይኑ ወደ ላይ ይሳባል፤ የስሜን ተራሮች እንደ ግንብና እንደ ዓምድ ተሰልፈው ይታያሉና። በቆላው ሙቀት ላይ ሳለን የውርጭ አገር ከራሳችን በላይ መኖሩን ማሰብ እጅግ ያስደንቃል።

መንገዱ በዛሪማ አልፎ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ደባርቅ ይወጣል። ይህንን መንገድ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሠሩት ነው። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ወደ ውስጥ ስንገባ አስቀድሞ የምናገኘው የአስታ ደን ነው፤ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ ሽበት ተንጠልጥሎበታል። ከፍ ባልን ጊዜ ዛፉ ያልቅና ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራል። በዚያ ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። ዋልያ ግን በገደሉ አፋፍ ይቆማል። ይህ እንስሳ በዱር የሚኖረው በስሜን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ ጠፋ ማለት ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

ቀድሞ ሰዎች ሥጋውን ለመብል፣ ቀንዱንም ለዋንጫ ሲሉ ያድኑት ነበር፤ እርሻና ግጦሽም መሰማሪያውን አጠበቡበት። ስለዚህ ስፍራው በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ከአባቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እሳት ተነሥቶ ሣሩንና አስታውን በላ፤ የብዙ ዘመን ጥበቃ በጥቂት ቀን ሊጠፋ እንደሚችልም አሳየ።

እንግዲህ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደዚህ ቢያወጡ ከመዝናናቱ ጋራ ትልቅ ትምህርት ያገኙላቸዋል። ከተራራው የሚፈሰው ውሃ ወደ ተከዜ እንደሚወርድ፣ ደጋው ሲራቆትም አፈሩ ታጥቦ ቆላው እንደሚጎዳ በዓይናቸው ያያሉ። ሹማምንትም ከገደሉ አፋፍ ሆነው ዋልያውን ሲያደንቁ፣ ስለ እርሱ ቀዬውን የለቀቀውን ገበሬ ያስቡ። የሚጠበቀው ደን ለጎረቤቱ እንጀራ ካልሆነው ጠባቂው ብቻውን አያድነውም።