«ኦርካ በዝቷል» ሲሏችሁ «የትኛው?» በሉ

«ዘንድሮ ኦርካ በዝቷል» የሚለውን ወሬ እዚህ ሲያትል በየዓመቱ እሰማለሁ። ከፌሪ ላይ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይለጠፋል፤ ጥቁሩ የጀርባ ክንፍ ውኃውን ሰንጥቆ ብቅ ይላል፤ ተሳፋሪው ይጮኻል። ደስታውን እጋራለሁ። ወሬው ግን ግማሽ እውነት ነው።

በዙሪያችን ባለው በሳሊሽ ባሕር በብዛት የሚታዩት ኦርካ የሚባሉ ዓሣ ነባሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ከሩቅ ለሚያያቸው መልካቸው አንድ ነው፤ ግን አይጋቡም፣ ማዕድም አይጋሩም። «ደቡባዊ ነዋሪዎች» የሚባሉት ዓሣ በል ናቸው፤ ከዓሣም ቺኑክ የሚባለውን ትልቁን ሳልመን ያስበልጣሉ። የሰባ አቆስጣ በአጠገባቸው ሲዋኝ፣ ጾመኛ የሥጋ ቤት በር እንደሚያልፍ ትተውት ያልፋሉ። «ቢግስ» የሚባሉት ደግሞ የሚያድኑት ያንኑ አቆስጣና የባሕር አንበሳውን ነው።

የነዋሪዎቹን የዓመት ጉዞ የሚመራው ሳልመን ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም (የኛ ክረምት የዚህ አገር በጋ መሆኑን አትርሱ) ወደ ፍሬዘር ወንዝ የሚያቀናው ቺኑክ በሳን ሁዋን ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ያልፍ ነበርና፣ እነሱም እዚያ ይከርሙ ነበር። ላይም ኪልን ከሚባለው የመብራት ቤት አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማየት ይቻል ነበር። ከጥቅምት በኋላ ቸም የተባለው ሳልመን ወደ ፒዩጀት ሳውንድ ወንዞች ሲገባ ተከትለውት ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ቫሾን ደሴት ዙሪያ የሚታዩት ያኔ ነው። ብርዱ ሲጠና ኬ እና ኤል የተባሉት ቤተሰቦች ወደ ውቅያኖሱ ወጥተው እስከ ኮሎምቢያ ወንዝ አፍ፣ አንዳንዴም እስከ ካሊፎርኒያው ሞንተሬይ ይደርሳሉ።

ይህ የዘመን መቁጠሪያ ተዛብቷል። የፍሬዘር ቺኑክ ሲመናመን ነዋሪዎቹ በበጋ መምጣት ቀነሱ፤ እነሱ ሳይታዩ ሳምንታት የሚያልፉበት ሐምሌም አይተናል። ጉዳቱ ከዚያም በፊት ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ግልገሎቻቸው ለትርኢት ገንዳ እየተያዙ ተወስደዋል፤ በኋላ መውለድ የነበረባቸው እነዚያ ነበሩ። በ1995 ነዋሪዎቹ 98 ነበሩ፤ አሁን ከ80 በታች ናቸው።

ቢግሶቹ በአንጻሩ በዝተዋል። በ1972 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የባሕር አጥቢዎችን መግደል ከለከለ፤ አቆስጣው አገገመ፤ አዳኙም ተከተለው። ስለዚህ «ኦርካ ታየ» የሚለው ቁጥር ሲያድግ፣ ከሁለቱ ጎረቤታሞች አንዱ እየጠገበ ሌላው ሊራብ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ደግሞም ቁጥሩ የዓሣ ነባሪውን ብቻ ሳይሆን የተመልካቹንም ብዛት ይከተላል። በሐምሌ ቀኑ ረጅም ነው፣ ባሕሩም በጎብኚ ጀልባ ይሞላል፤ በታኅሣሥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፤ ማን ያያል? ክፍተቱን በከፊል የሚሞሉት ውኃ ውስጥ የተተከሉ ማይክሮፎኖች ናቸው። ነዋሪዎቹ ወሬኞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የድምፅ ዘዬ ስላለው በጨለማም ይለያሉ። ቢግሶቹ ግን ሲያድኑ ድምፃቸውን ያጠፋሉ።

በመጸውና በብርዱ ወራት በቫሾን ፌሪ የምትመላለሱ ወገኖቼ፣ ስታዩ ቪዲዮውን ለጥፋችሁ ብቻ አትለፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ወዴት ሲያቀኑ እንደነበር ጽፋችሁ ዕይታ ለሚመዘግበው ለኦርካ ኔትወርክ ላኩ። ጀልባ ያላችሁ ደግሞ ራቅ በሉላቸው፤ ከ2025 ጀምሮ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከነዋሪዎቹ 1,000 ያርድ እንድትርቁ ያዛል።