ስለ ፌስታልና ስለ በጋችን

በአቀስታ ደጋ ባለው ቤታችን አንዲት እናት በግ ታማ ሞተችብን፤ ሆዷ ሲከፈት የተጠቀለለ ፌስታል ተገኘ። ከገበያ ይዘነው የመጣን እኛው ነበርንና እጅግ አዘንን።

የኬሚስትሪ ሊቃውንት እርጎን ከሚያኮመጥጠው አሲድ የሚበሰብስ ፕላስቲክ ይሠራሉ። የአሲዱን ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት የሚያያይዛቸው ካታሊስት የሚባለው፣ ሥራውን አፋጥኖ ራሱ የማያልቅ ቅመም ነው። ይህም ብዙ ጊዜ ቲን ከሚባለው ማዕድን ይገኛል፤ ሊቃውንቱም በዚንክና በብረት ሊተኩት ይደክማሉ። ነገር ግን ይህ ፕላስቲክ ቶሎ የሚፈርሰው በ60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ስለ ሆነ፣ በደጋችን ብርድ ላይ ቢጣል ብዙ ዘመን ይቆያል።

ስለዚህ ፌስታልን የሚከለክል ሕግ በ2017 ዓ.ም. መውጣቱ ደስ ቢያሰኘንም፣ እኛ ከሊቃውንቱ አስቀድመን ዘንቢላችንን ከተሰቀለበት አውርደናል።