ሰንጠረዥን ለብዙ ዲስኮች ማካፈል፦ ከዲስኩ በፊት ጥያቄው

አንድ የመረጃ ቋት ባለሙያ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት በአንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን የክፍያ መዝገብ በኃላፊነት ይጠብቅ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ሰልፉ ከአዳራሹ ይወጣል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ «ሲስተሙ ተጨናንቋል» ትላለች፤ ነቀፌታውም ዞሮ ዞሮ በእርሱ ላይ ያርፋል። መዝገቡ ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ፣ ሰንጠረዡም በአንድ ዲስክ ላይ ስለነበረ፣ የአራት አዳዲስ ዲስኮች የግዥ ጥያቄ አቀረበ።

ሐሳቡ መሠረት የሌለው አልነበረም። በሰከንድ 200 ሜጋባይት የሚያነብ ዲስክ 1 ቴራባይት አንብቦ ለመጨረስ 5,000 ሰከንድ፣ ማለትም 83 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ አራት ዲስኮች እኩል ቢካፈሉት ግን 21 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ፣ የተፈለገው ረድፍ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ ድረስ በአማካይ ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ ያስጠብቃል፤ ስለዚህ ማንበቢያዎች ሲበዙ ወረፋው ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዴቪድ ዴዊትና ባልደረቦቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት «ጋማ» የተባለ የመረጃ ቋት ረድፎችን በየዲስኩ በዙር፣ በሃሽ ወይም በእሴት ወሰን ያድል ነበር።

ባለሙያው የመረጠው የመጨረሻውን ነው። ሰንጠረዡን በፈረንጆች ወር ቆርጦ፣ የአንድን ዓመት ክፍልፋዮች በአንድ ዲስክ፣ የሌላውን በሌላ ዲስክ አኖረ። ወር ሲገባ ግን ሰልፉ እንደነበረ ቆየ። የሥራውን ፍሰት ሲመለከት አንዱ ዲስክ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ሦስቱ ሥራ ፈትተዋል። ሰልፈኛው ሁሉ የሚከፍለው የዘንድሮን ሒሳብ በመሆኑ፣ የተከፈለው ሰንጠረዡ እንጂ ሥራው አልነበረም።

በማግስቱ ከገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ተቀምጦ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መዘገበ። ሁለት ዓይነት ሆነው አገኛቸው፦ የአንድ ደንበኛ ያልተከፈለ ሒሳብና የአንድ ወር ጠቅላላ ገቢ። ሁለተኛው ሌላ ስሕተቱን ገለጠለት። ድርጅቱ የሚቆጥረው በኢትዮጵያ ወር ነው፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ቀን በፈረንጆች ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ስለዚህ የሐምሌን ገቢ የሚጠይቅ ሁሉ የጁላይንም የኦገስትንም ክፍልፋይ ይከፍታል። የመረጃ ቋቱ የማያስፈልጉትን ክፍልፋዮች መዝለል ቢያውቅም፣ በተሳሳተ ቦታ የተቆረጠውን ሊያቃና አይችልም።

አዲሱ አከፋፈል ከእነዚህ ጥያቄዎች ተነሣ። ወሰኖቹ ከኢትዮጵያ ወራት መባቻ ጋር ገጠሙ፤ መስከረም 1 አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመት 12 ላይ መዋሉ ታሰበ፤ አጭሯ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ተቀላቀለች። ከዚያም እያንዳንዱ ወር በደንበኛው መለያ ቁጥር ሃሽ ለአራት ተከፍሎ፣ አራቱም በየራሳቸው ዲስክ ተቀመጡ። ፖስትግሬስኪዩኤል እንዲህ ያለውን የሃሽ ክፍፍል እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ቁጥር 11 ጀምሮ ይፈቅዳል። አሁን የአንድ ደንበኛ የወር ሒሳብ አንድ ዲስክ ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ የወሩ ገቢ ሲጠየቅ ግን አራቱም አብረው ይሠራሉ።

የቀረው አደጋው ነበር። እያንዳንዱ ዲስክ በዓመት የመበላሸት ዕድሉ ከመቶ 2 ነው ቢባል፣ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ የሚበላሽበት ዕድል ወደ 8 ይጠጋል። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ሬይድ ባቀረቡት ጽሑፍ ዋና ጭንቀታቸው ይኸው ነበር። በፖስትግሬስኪዩኤል አንድ የማከማቻ ሥፍራ ቢጠፋ የመረጃ ቋቱ በሙሉ ላይነሣ ስለሚችል፣ ጉዳቱ በጠፋው ሩብ ላይ ብቻ አይቆምም። ስለዚህ ባለሙያው ለእያንዳንዱ ዲስክ መንትያ ጠየቀ፤ መጠባበቂያ ቅጂውንም ከሕንፃው ውጭ አስቀመጠ።

የግዥ ክፍሉ አራት ዲስክ ተብሎ የተጀመረው ስለምን ስምንት እንደሆነ ሲጠይቀው፣ በዚያች ዕለት በመስኮቱ አጠገብ የመዘገበውን ወረቀት ከስሌቱ ጋር አያይዞ ላከ። ለመመረቂያ ጥናቱ ርዕስ ምረጥ በተባለ ጊዜም የጀመረው ከዚሁ ወረቀት ነው።