ነጥብ ሲወጣና ሲወርድ

ልጅ ያስተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዘወትር ዝቅተኛ ነጥብ ከሚያመጣ ተማሪ ይልቅ ዛሬ ከፍ ነገ ዝቅ የሚለው አስተማሪውን ያስጨንቃል። የፊተኛው ምን እንደ ጐደለው ይታወቃል፤ የኋለኛው ግን ዕውቀቱም ጉድለቱም ተሰውሮ ይኖራል። እኔም በመምህርነት ብዙ ዘመን ብቈይ፣ ይህን ነገር በሚገባ የተረዳሁት ባለፈው ዓመት በገዛ ቤቴ ነው።

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት አብራን የምትኖር የታላቅ እኅቴ ልጅ ሕግ ለመማር ቈርጣ ተነሣች። ምክንያትም ነበራት። እናቷ ቋንቋውን በቅጡ ሳትረዳ በፈረመችው የቤት ኪራይ ውል የተነሣ፣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከፍላ ቤቱን ለቃ ነበር። ልጅቱ ያን ቀን በተቈለለው ዕቃ መካከል ቆማ ወረቀቱን ደጋግማ ስታነብ አይቻታለሁ።

በዚያ አገር ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ የሚሆነው ፈተና ኤልሳት ይባላል፤ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ዝቅተኛው ነጥብ 120፣ ከፍተኛው 180 ነው። የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይባል የነበረው ክፍል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ከቀረ ወዲህ፣ የሚቈጠሩት ሁለት የአመክንዮ ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። የማይቈጠር አንድ ክፍልም ይጨመራል፤ ዳሩ ግን ተፈታኙ የትኛው እንደ ሆነ አይነገረውም። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው ጊዜ 35 ደቂቃ ነው።

የልጅቱ የልምምድ ነጥብ 156፣ ቀጥሎ 149፣ ቀጥሎ 160፣ ቀጥሎ 152 ሆነ። እኔም 160 ባመጣች ቀን ዶሮ አሠርቼ ቤተ ሰቡን ሰበሰብሁ፤ 152 ባመጣች ቀን «ልብሽ ወዴት ሄደ?» ብዬ ተቈጣሁ። ጥቂት ሰንብቶ ደብተሯን ስገልጥ ያልነገረችኝን 147 አገኘሁ። ለምን እንደ ደበቀችኝ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ከፈተናው ይልቅ የእርስዎን ፊት እፈራለሁ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መልስ አልነበረኝም።

በዚያች ሌሊት የንባብ ቤት ዘመኔ ትዝ አለኝ። ተነሹንና ወዳቂውን አንድ ቀን አስተካክዬ አነብ ነበር፤ በማግሥቱ ያንኑ ቃል አበላሸው ነበር። የኔታ በትክክል ባነበብሁበት ቀን እንኳ «ለምን ተነሽ ሆነ?» ብለው ይጠይቁኛል። ዝም ስል፣ «እንግዲያው ገጠመህ እንጂ አላወቅኸውም» ይሉኝ ነበር።

በነጋታው ከልጅቱ ጋር ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ራሱ ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር ወደ 3 ነጥብ ያህል ከፍና ዝቅ የሚል ወሰን ይሰጣል፤ ስለዚህ 153 እና 156 ያመጣ አንድ ሰው ተለወጠ ማለት አይቻልም። ከ147 እስከ 160 ግን ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱንም አገኘነው። ዝቅተኞቹ ነጥቦች ሁሉ የቅዳሜ ጧት ነበሩ፤ ልጅቱ ዓርብ እስከ እኩለ ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራለችና።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የጠለቀ ነበር። ለክርክሩ የግድ የሚያስፈልገውንና ለክርክሩ የሚበቃውን ሐሳብ ታምታታ ነበር። ለምሳሌ «ልጁ በዝናቡ ዣንጥላ ይዞ ስለሚሄድ ልብሱ አይርስም» ቢባል፣ «ዣንጥላ የያዘ ሁሉ አይርስም» የሚለው ይበቃል፤ ነገር ግን የግድ አይደለም። «ዣንጥላው ውኃ የሚያወርድ ቀዳዳ የለውም» የሚለው ግን የግድ ነው፤ ይህ ከተካደ ክርክሩ ይፈርሳልና። ከፍ ባለችባቸው ቀኖች ይህን ዓይነት ጥያቄ ብትመልስም፣ ለምን እንደ መለሰች መናገር አልቻለችም። ገጥሟት ነበር።

ከዚያ በኋላ ልምምዱን ዕረፍቷ ወደ ሆነው ሐሙስ ጧት አዛወርነው። የተጠራጠረችባቸውን ጥያቄዎች መልሱን ሳታይ፣ ያለ ሰዓት ገደብ እንደገና ትሠራለች፤ የመረጠችው ለምን ልክ እንደ ሆነ፣ የተወችውም ለምን ስሕተት እንደ ሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። ፈተናውንም ከጁን ወደ ሴፕቴምበር አስተላለፈች። በበኩሌ ሁለት ነገር ቃል ገባሁ፤ ነጥቡን ሳትነግረኝ እንዳልጠይቅ፣ ደግሞም መድረሷን በከፍተኛው ሳይሆን ከመጨረሻዎቹ አምስት ልምምዶች በዝቅተኛው እንድለካ። እነርሱም 157፣ 159፣ 158፣ 161፣ 158 ሆኑ።

በፈተናው ቀን 159 አመጣች። ከልምምዷ ሁሉ ከፍተኛው አይደለም፤ የራሷ ግን ነው። አሁን ማመልከቻዋን ልካ መልስ ትጠብቃለች።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ነጥብ ሲዋዥቅ ከመቈጣት በፊት ደብተሩን ግለጡ፤ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጥያቄ እንደ ወደቀ ጠይቁ። ልጁ የሚደብቀው ነጥብ ካለ ግን፣ መጀመሪያ መታረም ያለበት ልጁ ላይሆን ይችላል።