ስሙ የተቆረጠ መጽሐፍ

መጽሐፍ ሰብሳቢን ሰው ትንሽ ነካ ያደረገው ይመስለዋል። እኔም ከዚህ ሐሜት አላመለጥኩም። ዋሽንግተን አካባቢ በኖርኩባቸው ሦስት ዓመታት፣ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት የማገኛትን ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫዎችን ሳስስ እውል ነበር። የማሳድደውም የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ነው፤ የሃዋርድ ፋስትን።

ፋስት እ.ኤ.አ. በ1914 ኒውዮርክ ተወልዶ በ2003 ያረፈ ደራሲ ነው። ኮሚኒስት ነበር። የስፔንን ስደተኞች በሚረዳ አንድ ማኅበር አመራር ውስጥ ሳለ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ የማኅበሩን መዛግብትና የለጋሾቹን ስም ዝርዝር አምጡ አላቸው። እሱና ባልደረቦቹ እምቢ አሉ። ምክር ቤቱን ደፍራችኋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ ፋስትም እ.ኤ.አ. በ1950 ሦስት ወር ታሰረ። ስለ ሮማ ባሮች አመፅ የሚተርከው “ስፓርታከስ” የዚያ እስር ፍሬ ነው። ታዲያ የሚያሳትምለት ጠፋ። አሳታሚዎች በየተራ በራቸውን ሲዘጉበት እ.ኤ.አ. በ1951 ራሱ አሳተመው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ፊልም የመጣው በ1960 ነው፤ የፊልሙ ጸሐፊ ዳልተን ትራምቦም እንደ ፋስት የታሰረ፣ ለዓመታትም በስሙ እንዳይሠራ የተከለከለ ሰው ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያ እትም ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በኋላ የታተሙት ቅጂዎች ታሪኩ ያው ነው። የ1951ዱ ግን የአሳታሚ ስም በሚጻፍበት ቦታ ደራሲው ራሱ እንዳሳተመው ይናገራል። ያቺ አንዲት መስመር ለተዘጉት በሮች ሁሉ ምስክር ናት። እኔ የምከፍለው ለእሷ ነው።

የሰብሳቢዎች ሕግ ጥብቅ ነው። የወረቀት ልባሱ ያልጠፋ፣ ያልተጻፈበት፣ ያልተቀደደ ቅጂ ዋጋው ሰማይ ይነካል። እኔ ያገኘሁት ልባስ የለውም፤ የመጀመሪያው ባዶ ገጽ የላይኛው ጥግም በስለት ተቆርጧል። “የባለቤቱ ስም የነበረበት ነው” አለኝ ሻጩ፣ ለምን እንደረከሰ ሲያስረዳኝ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በኮሚኒስትነት የተጠረጠረ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ እንጀራውን ሊያጣ ይችል ነበር። ስም ላለመስጠት የታሰረ ደራሲን መጽሐፍ የገዛ ሰው፣ የራሱን ስም ቆርጦ ጣለ።

አገሬ ስገባ ይህንኑ መጽሐፍ ለአባቴ አሳየኋቸው።

“ኮሚኒስት ነው?” አሉኝ።

“ነበር፣ አባባ።”

“ይህ ቤት ኮሚኒስት ይበቃዋል።”

ታናሽ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ስለዚህ ጉዳይ በቤታችን አይወራም። ደራሲው ለእምነቱ መታሰሩን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ግን እውነቱን ደብቄ ልሟገት አልቻልኩም። ፋስት እ.ኤ.አ. በ1953 የስታሊንን የሰላም ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። ከፓርቲው መለየቱን በይፋ የተናገረው በ1957 ነው፤ ያውም ክሩሽቼቭ የስታሊንን ግፍ ካጋለጠ በኋላ። የሌሎችን ስም አልሰጥም ብሎ የታሰረው ሰው፣ በሌላው አገር እስር ቤት ስማቸው የጠፋውን አላያቸውም፤ ወይም ማየት አልፈለገም። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ።

ከዚያ መጽሐፉን ተቀበሉኝና ገለጡት። የተቆረጠው ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ በአውራ ጣታቸውም ዳበሱት።

“በምላጭ ነው” አሉ።

“በምን አወቁ?”

“አሰሳው ሰፈራችን ሊደርስ ሲል እኔም እንዲህ አድርጌያለሁ። መጽሐፎቹን ማቃጠል አሳዘነኝ። ስማችንን ከሁሉም እየቆረጥኩ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ የእኔንም የእሱንም።” ጥቂት ዝም አሉ። “ፎቶግራፍ አለው። የእጅ ጽሑፉ ግን ሌላ ቦታ አልነበረም።”

ሰብሳቢ ወዳጆቼ ያልተነካ ቅጂ ፈልገህ ይህንን ሽጠው ይሉኛል። ምክራቸው በገበያው ሕግ ትክክል ነው። እኔ ግን አልሸጠውም።

መጽሐፉ እስካሁን አባባ መደርደሪያ ላይ ነው። አላነበቡትም፤ ከቤት አውጣልኝም አላሉኝም።