ማስታወቂያው ለማን ነው?

ሥልጣኔ ወደ አንድ አገር ሲገባ ለሁሉ እኩል አይደርስም። አንዱ በደጁ ሲቀበለው፣ ሌላው ወሬውን ከሩቅ ይሰማል። እኛ ይህን ባለፈው ክረምት የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋታችን ነው። ጥፋቱን ደብቆ ከመያዝ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች ማካፈል ይሻላል ብለን ይህችን አጭር ጽሑፍ አቀረብን።

እኛ ባቱ ተወልደን ያደግን አራት ተማሪዎች ነን። ባቱ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደምበል ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐይቋንና ዓሣዋን መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። እኛ ልንናገር የፈለግነው ግን መንገደኛ ስለማያየው ነገር ነው።

ድሮ የመንግሥት ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ሊያነብ የፈለገ ሁሉ በእግሩ ሄዶ፣ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ያነብ ነበር። ዛሬ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን በድረ ገጽ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ያወጣሉ። ይህም መልካም ነገር ነው፤ የቱሉ ጉዶ ደሴት ሰው አንድ ወረቀት ለማንበብ ሲል በጀልባ መሻገር የለበትም። ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ የበለጠ ምክንያት አለ። በአካባቢያችን በብዙ ቦታ ከጉድጓድ በሚቀዳው ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል። ይህ ነገር ጥርስን ያበላሻል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ መገጣጠሚያን ያደርቃል፣ ጀርባንም ያጎብጣል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ለረጅም ዘመን በሠሩ ሰዎች ላይ ሐኪሞች ይህንኑ በሽታ መዝግበዋል። ጀርባው ለጎበጠ ሽማግሌ «ነገ ተመለስ» መባል ምን ያህል እንደሚከብድ እኛ አይተናል። እንግዲህ ጉዳይን ከቤት ሆኖ መጨረስ ለሌላው ምቾት ሲሆን፣ ለአካል ጉዳተኛ ግን ዋናው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንግባ። ከእኛ ጋር ያደገ አንድ ወዳጅ አለን። ዓይነ ስውር ነው። የመምህርነት ትምህርቱን ከእኛ ቀድሞ ጨርሶ ሥራ ይፈልጋል። ስልኩ ላይ የተጻፈውን ወደ ድምፅ የሚለውጥ፣ ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ስላለ መልእክት በመጻፍም በመመለስም ከእኛ ይፈጥናል።

በሐምሌ ወር ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ አወጣ። ወዳጃችን ገጹን ከፍቶ ጆሮውን ሰጠ። ስልኩ በእንግሊዝኛ የነገረው ይህን ብቻ ነው፦ «ምናልባት ጽሑፍ ያለበት ምስል»። ሌላ ምንም አላለም። ማስታወቂያው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶግራፍ ነበርና።

ፎቶግራፉን ወደ እኛ ላከና «እባካችሁ አንብቡልኝ» አለን። እኛ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ እንበላ ነበር። «ማታ እናነብለታለን» ተባባልን። ማታ ሌላ ጨዋታ መጣ። አንዳችን ሌላው ያነበበለት መሰለን፤ ሌላውም እንዲሁ አሰበ። በአራተኛው ቀን ትዝ ሲለን ምዝገባው በዋዜማው ተዘግቶ ነበር። አፍረን ቤቱ ድረስ ሄደን ነገርነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣን ይሻለን ነበር። «እናንተ ምን ታደርጉ» አለን፤ «ግን እኔ አንዲት ወረቀት ለማንበብ ስንት ጊዜ የሰው ዓይን እለምናለሁ?» እናቱ ቡናውን እየቀዱልን ምንም ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ ወጥተን በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ያነጋገሩን ኃላፊ ትሑት ሰው ነበሩ። «ልጆች፣ ማኅተም የሌለበትን ማስታወቂያ ማን ያምናል? ሐሰተኛው በዝቷል» አሉን። እውነት አላቸው። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ደብዳቤው መጀመሪያ በኮምፒውተር ተጻፈ፤ ያን ጊዜ የወዳጃችን ስልክ ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ነበር። ከዚያ በወረቀት ታተመ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በመጨረሻም በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ተለጠፈ። ጽሑፍ የነበረው ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሥዕል ሆኖ ቀረ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፎቶግራፉ ከነማኅተሙ ይቀመጥ፤ ከሥሩም ያው ጽሑፍ ከኮምፒውተሩ ተገልብጦ ይለጠፍ። በጀት አይጠይቅም፤ ኮሚቴም አያሻውም።

በቀድሞው ጊዜ ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ አማርኛ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም፣ ለመሣሪያው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነበር። በዚያው ዓመት የድረ ገጾችን አሠራር የሚመራው ዓለም አቀፍ ማኅበር አካል ጉዳተኛ የሚጠቀምበት ገጽ እንዴት እንደሚሠራ የመጀመሪያ መመሪያውን አወጣ። የመመሪያው ፍሬ ነገር ለማንም ይገባል፦ ሥዕል በቃላት ይገለጽ፤ ቅጽ ያለ ማውዝ፣ በቁልፍ ብቻ መሞላት ይቻል፤ ንግግር ለማይሰማ ሰው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ፊደሉ ከመደቡ ቀለም ጎልቶ ይታይ። ዛሬ ኢስፒክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ድምፁ የብረት ድምፅ ቢመስልም፣ አማርኛም ኦሮምኛም ያነባል። ስለዚህ መሣሪያ የለም ብሎ ማመካኘት አይቻልም።

ሕግም አልጠፋም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ ያለ አድልዎ ለሥራ የመወዳደር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሰው ግን ስለ ውድድሩ ሳይሰማ እንዴት ይወዳደራል? አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 መንገድንና ሕንፃን ብቻ ሳይሆን መረጃንና ኢንተርኔትን ጭምር ይጠቅሳል። የድረ ገጽ በር እንደ ሕንፃ በር በር ነው ማለት ነው። ይህን በር መክፈት ምጽዋት አይደለም፤ ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለችው ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሟገት እንጂ ርኅራኄ ስትለምን አልነበረም።

ነገሩ የሚያስቸኩል ነው። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ ጸደቀ፤ በ2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ጉዳያችን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። የገጹ አሠራር ካልታረመ ለወዳጃችን ዓይነቱ ሰው አገልግሎቱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል።

ኃላፊው ምክራችንን ተቀብለው በነሐሴ የወጣው ማስታወቂያ ከሥሩ ጽሑፍ ነበረው። ደስ አለን። ቀጥሎ የወጣው ግን እንደ ድሮው ባዶ ፎቶግራፍ ሆነ፤ ገጹን የሚይዘው ጸሐፊ ተቀይሮ ነበር። በዚህ ጊዜ እኛ ልንስቅባቸው አልቻልንም። እኛስ ምን አደረግን? ወዳጃችንን እንወደዋለን፤ ደግነት አልጎደለንም፤ ሆኖም ዓሣ ስንበላ ረሳነው። ደግነት ይረሳል። የማይረሳው ሥርዓት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳና ከተማ «ያለ ጽሑፍ ፎቶግራፍ ብቻ አይለጠፍም» የሚል አንድ መስመር መመሪያ ቢያወጣ፣ ጸሐፊ ሲቀየር ሥራው አይቀየርም።

ጣታችንን ወደ ባቱ ብቻ ስንቀስር ደግሞ የራሳችን ግቢ ይታዘበናል። የፈተና መርሐ ግብር በክፍል ተጠሪዎች በኩል የሚደርሰን በምን መልክ ነው? በፎቶግራፍ አይደለምን? የተማሪዎች ማኅበራችንስ ጥሪውን በምን ያወጣል? ይህች በብዜት የምትወጣ መጽሔትስ፣ ከእኛ ጋር በአንድ አዳራሽ የሚማሩ ዓይነ ስውራን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በምን ያነቧታል? ስለ እነርሱ እየጻፍን እነርሱ በማይደርሱበት ወረቀት ላይ መጻፋችን ትዝ ያለን ጽሑፉን ለማስረከብ ስንሄድ ነው።

ስለዚህ አዘጋጁን ጠይቀን እሺ አሰኝተነዋል፤ ከዚህ እትም ጀምሮ የመጽሔቷ ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት በስልክ ለሚፈልግ ሁሉ ይላካል። የመጀመሪያው ቅጂ ወደ ባቱ ይሄዳል። ወዳጃችን ጥፋታችንን በብረቱ ድምፅ ይሰማዋል፤ እርማት ካለውም በሚቀጥለው እትም ይጽፍልናል።