ሎሚው ሲናጥ

ሰመራ ለሥራ ከመጣሁ ወዲህ ማታ ማታ ውስኪ ሳወር ማዘጋጀት ለምጄ ነበር። 60 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 30 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 በውሃ የሟሟ ስኳር፤ ከበረዶ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ናጥ አድርጎ፣ አጥልሎ መቅዳት ነው። ሎሚውን ከአዲስ አበባ ስመለስ አዋሽ ሰባት ላይ እገዛለሁ።

አንድ ምሽት አፋሩ ጎረቤቴ በረዶ ፈልገው መጡ። አልኮል አይቀምሱም። ጠርሙሱን ከመጋረጃው ጀርባ ሸጎጥኩ።

«ልጄ፣ ምን እየናጥክ ነው? ቅቤ ይወጣዋል?» አሉኝ።

አፈርኩ። ሎሚ፣ ስኳርና በረዶ ብቻ ናጥኩላቸው፤ ለራሴም እንዲሁ። ደጃፍ ተቀምጠን ሙቀቱ እስኪበርድ አወራን። ብቻዬን ስጠጣ ምን ይጎድለኝ እንደነበር ያን ማታ ገባኝ። ጠርሙሱ ዛሬም ከመጋረጃው ጀርባ ነው።